በሁለት ብረቶች መካከል የተደበቀ አየር
የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ሙቀት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመተሐራ ወይም በባቱ (ዝዋይ) ከተማ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚጠቀም ሰው ሁሉ አንድ የታወቀ ችግር ሳያጋጥመው አይቀርም። ጠዋት በደንብ ሲሠራ የነበረው ኮምፒዩተር ከቀትር በኋላ ይዘገያል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በራሱ ይጠፋል። ለአንድ ሰዓት ያህል አርፎ ሲከፈት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ብዙዎቻችን ምክንያቱ ቫይረስ ነው፣ የመብራት መዋዠቅ ነው ወይም ዕቃው አርጅቷል ብለን እንደመድማለን። በዚህም የተነሳ ገና ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል የሚችል ኮምፒዩተር ከመጋዘን ጥግ ይጣላል። ይሁን እንጂ የችግሩ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ከሰው ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ አንድ ስስ ንብርብር ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ንብርብር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለምን የተለየ ትኩረት እንደሚያሻው ለማየት እንሞክራለን።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በአገራችን በተለምዶ ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ብለን ብንጠራውም፣ እውነተኛው ሲፒዩ ወይም ፕሮሰሰር በሳጥኑ ውስጥ በዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ የሚቀመጥ ከክብሪት ሳጥን ያነሰ ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው የሲሊከን ቁራጭ በመቶ ሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮችን ይዟል። እነዚህ ትራንዚስተሮች በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜያት ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚወስዱት የኤሌክትሪክ ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ 65 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር፣ ሒሳብ የሚሠራ የ65 ዋት ምድጃ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

65 ዋት በራሱ ብዙ አይደለም። አስቸጋሪ የሚያደርገው የሚወጣበት ቦታ ጥበት ነው። ይህንን በአንድ የቤታችን ዕቃ እናነጻጽረው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ የምጣዱ ወርድ 58 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆን ስፋቱ 2,640 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 1.3 ዋት ማለት ነው። የፕሮሰሰሩ ሲሊከን ስፋት 1.5 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን ግን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 43 ዋት ይወጣል። ከምጣዱ ከሠላሳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ምጣዱ እንጀራ የሚያበስል ከሆነ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣ ፕሮሰሰር በሴኮንዶች ውስጥ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሁኔታው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 የተባለው ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ብቻ ስለነበሩትና የሚወስደውም አንድ ዋት ገደማ ስለነበረ ማቀዝቀዣ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን አንዳንድ የፔንቲየም 4 ዓይነቶች ከ100 ዋት በላይ መውሰድ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኢንቴል «ቴጃስ» የተባለውን ቀጣይ ፕሮሰሰሩን ሰርዞ፣ ፍጥነት ብቻ ከመጨመር ይልቅ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለትና ከዚያም በላይ ኮሮችን ወደማስቀመጥ ዞረ። ሙቀት የአንድን ኢንዱስትሪ አቅጣጫ አስቀየረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮር አይ9-13900ኬ ደግሞ በከፍተኛ ሥራ ላይ እስከ 253 ዋት ድረስ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል።

የዘመኑ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን የሚከላከሉበት ዘዴ አላቸው። መጠነ ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ይህም ካልበቃ ኮምፒዩተሩን ያጠፋሉ። እንግዲህ ከቀትር በኋላ የምናየው መዘግየት በብዙ አጋጣሚ ከበሽታ ይልቅ ራስን የማዳን እርምጃ ነው።

የሙቀት መንገድ

ሙቀት ከሲሊከኑ ተነሥቶ ክፍሉ ውስጥ ወዳለው አየር እስኪደርስ በተከታታይ ደረጃዎች ያልፋል። መጀመሪያ ከሲሊከኑ ወደ ፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን፣ ከክዳኑ ወደ ሂትሲንኩ፣ ከሂትሲንኩ ክንፎች በማራገቢያ ወደሚገፋው አየር፣ በመጨረሻም ከሳጥኑ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ሂትሲንክ የምንለው ከአልሙኒየም ወይም ከመዳብ የሚሠራው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ነው፤ በሞተር ብስክሌት ሞተር ዙሪያ ያሉት ክንፎች የሚሠሩት ተመሳሳይ ሥራ ነው።

እነዚህ ደረጃዎች በተከታታይ እንደተያያዙ ሬዚስተሮች ናቸው። የእያንዳንዱ ሬዚስታንስ ይደመራል፤ አንዱ ብቻ ቢበላሽ የሌሎቹ መልካምነት አያድነንም። ፈረንሳዊው ሊቅ ዦሴፍ ፉሪየር እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው ሥራው ሙቀት በአንድ አካል ውስጥ ሲያልፍ የሚታዘዘውን ሕግ በሒሳብ አስቀምጦታል። ሕጉን በቃላት ስንገልጸው፣ በአንድ ንብርብር በሁለቱ ገጾች መካከል የሚፈጠረው የመጠነ ሙቀት ልዩነት የሚያልፈው ኃይል በንብርብሩ ውፍረት ተባዝቶ፣ ለስፋቱና ለሙቀት አስተላላፊነቱ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ንብርብሩ በወፈረ ቁጥር ልዩነቱ ይጨምራል፤ አስተላላፊነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ልዩነቱ ይቀንሳል።

የሙቀት አስተላላፊነት የሚለካው በዋት በሜትር በኬልቪን ነው። በዚህ መለኪያ መዳብ 400፣ ንጹሕ አልሙኒየም 237፣ ሲሊከን 150 ገደማ ነው። አየር ግን 0.026 ብቻ ነው። መዳብ ከአየር ወደ 15 ሺህ እጥፍ የተሻለ ያስተላልፋል ማለት ነው።

ጋቢና ፑሚስ የሚያስተምሩን

አየር ሙቀትን የማያስተላልፍ መሆኑን ሁላችንም በተግባር እናውቃለን። ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥ አይደለም፤ በድርብርቡ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ስለሚይዝ ነው። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ያወረሱን ፑሚስ የተባለው ቀላል ድንጋይም እንዲሁ ነው። በውስጡ ባሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው የአየር ቀዳዳዎች የተነሳ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከእርሱ የሚሠራ ብሎኬትም ከድፍን ኮንክሪት ይቀላል፣ የውጭውንም ሙቀት በተሻለ ይከላከላል። ለግድግዳ በረከት የሆነው ይህ ጠባይ በፕሮሰሰርና በሂትሲንክ መካከል ሲገኝ ግን ጉዳት ይሆናል።

አየር እዚያ እንዴት ገባ? የፕሮሰሰሩ ክዳንና የሂትሲንኩ እግር ለዓይናችን እንደ መስታወት የለሰለሱ ይመስላሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ኮረብታና ሸለቆ ያለባቸው ናቸው። ሁለቱን ብናጋጥማቸው የሚነካኩት በኮረብቶቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ የቀረው ሰፊ ክፍል አየር ይሞላዋል።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። የንክኪው ስፋት 3 በ3 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 9 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ክፍተቱ 50 ማይክሮን፣ ኃይሉ 65 ዋት ይሁን። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክፍተቱን የሞላው አየር ብቻ ቢሆን በፉሪየር ሕግ መሠረት በክዳኑና በሂትሲንኩ መካከል ወደ 139 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያስፈልጋል። በተግባር ብረቶቹ በከፊል ስለሚነካኩ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደርስም፤ ሆኖም ኮምፒዩተሩን ለማጥፋት የሚበቃ ሊሆን ይችላል። በዚያው ክፍተት አስተላላፊነቱ 4 የሆነ ፔስት ብንሞላ ግን ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በታች፣ 0.9 ዲግሪ ብቻ ይሆናል።

ፔስቱ ምንድን ነው?

ቴክኒሺያኖች «ተርማል ፔስት» የሚሉት ነጭ ወይም ግራጫ ቅባት በአብዛኛው ከሲሊኮን ዘይትና በውስጡ ከተበተነ ደቃቅ ዱቄት የተሠራ ነው። ዱቄቱ ዚንክ ኦክሳይድ፣ አልሙኒየም ኦክሳይድ ወይም እንደ አልሙኒየምና ብር ያለ ብረት ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ወደ ጥቃቅኑ ሸለቆ እየገባ አየሩን ያስወጣል፤ ዱቄቱ ሙቀቱን ያሻግራል።

እዚህ ላይ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። ፔስት ጥሩ ሙቀት አስተላላፊ ስለሆነ በበዛ ቁጥር ይሻላል ይባላል። የተለመዱ ፔስቶች አስተላላፊነት ግን ከ1 እስከ 10 ባለው ውስጥ ነው፤ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። የፔስት ሙያ አየርን መተካት እንጂ ብረትን መተካት አይደለም። ከላይ ባየነው ስሌት የፔስቱን ውፍረት ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ብናሳድገው ልዩነቱ ከ0.9 ወደ 9 ዲግሪ ይዘላል። ሙቀቱ ከክዳኑ መካከል ላይ ስለሚከማች እውነተኛው ጉዳት ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ የሚፈለገው ፔስት ክፍተቱን ያለ አየር የሚሞላ፣ ከዚያ ያልበለጠ ነው። ለ9 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት በ50 ማይክሮን ውፍረት የሚያስፈልገው ይዘት 45 ሜትሪክ ሚሊሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም።

ከፔስት የተሻለ አስተላላፊ የሆኑ ቁሶችም አሉ። ከጋሊየም የሚቀመም «ፈሳሽ ብረት» ከተራ ፔስት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ንጹሕ ጋሊየም የሚቀልጠው በ29.8 ዲግሪ ስለሆነ በመተሐራ የቀትር ሙቀት ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ይቀልጣል። ነገር ግን ጋሊየም አልሙኒየምን ይበላል፤ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ሰሌዳውን ልታቃጥል ትችላለች። ስለሆነም ለትምህርት ቤትና ለቢሮ ኮምፒዩተር አንመክረውም።

በክዳኑ ውስጥም ተመሳሳይ ንብርብር አለ። በአንዳንድ ፕሮሰሰሮች ሲሊከኑና ክዳኑ በኢንዲየም ብየዳ ይያያዛሉ፤ በሌሎች ደግሞ በፔስት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 በወጡት «አይቪ ብሪጅ» ፕሮሰሰሮቹ ከብየዳ ወደ ፔስት መዞሩ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ኮር አይ9-9900ኬ ባሉት ላይ ወደ ብየዳ ተመልሷል። ይህ የውስጡ ንብርብር በተጠቃሚው እጅ አይደለም። ከክዳኑ በላይ ያለው ግን በእጃችን ነው።

ፔስት ዘላለማዊ አይደለም። ኮምፒዩተሩ በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብረቶቹ በጥቂቱ ይለጠጣሉ፣ ይኮማተራሉ፤ ዘይቱም ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይገፋል። የቀረው ዱቄት ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። በስንጥቁም ያ ያስወጣነው አየር ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ እስከ መተሐራ

ሙቀቱ ሂትሲንኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ያለው ጉዞ በአካባቢው አየር ላይ የተመሠረተ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ የአየሩ መጠነ ሙቀትና የአየሩ እፍጋት። ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ከቦታ ቦታ ብዙም አይለወጥም፤ በከፍታ ቦታ ግን በዚያው ይዘት ውስጥ ያለው መጠነ ቁስ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል።

በአንድ ዓይነት መጠነ ሙቀት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር የአየር እፍጋት በአዲስ አበባ (2,350 ሜትር ገደማ) በ25 በመቶ፣ በአዳማ (1,700 ሜትር ገደማ) በ18 በመቶ፣ በመተሐራ (950 ሜትር ገደማ) በ11 በመቶ ያህል ያንሳል። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስንወርድ አየሩ እየታፈገ ለማቀዝቀዝ የተሻለ ይሆናል፤ በዚያው መጠን ግን ይሞቃል። የትኛው ያሸንፋል?

ግምታዊ ስሌት እንሥራ። አንድ ሂትሲንክ በባሕር ጠለል ከክፍሉ አየር በ33 ዲግሪ በልጦ ይሞቃል እንበል። የክፍሉ መጠነ ሙቀት በአዲስ አበባ 24፣ በአዳማ 30፣ በመተሐራ 36 ዲግሪ ይሁን። በእፍጋቱ መቀነስ ምክንያት የ33 ዲግሪው ጭማሪ በአዲስ አበባ ወደ 39፣ በአዳማ ወደ 37፣ በመተሐራ ወደ 35 ያድጋል። የክፍሉን ስንደምርበት ሂትሲንኩ በቅደም ተከተል 63፣ 67 እና 71 ዲግሪ ይደርሳል። በክፍሎቹ መካከል የነበረው የ12 ዲግሪ ልዩነት ወደ 8 ጠበበ፤ ነገር ግን አልጠፋም። የአየሩ ሙቀት አሸንፏል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው። በአዲስ አበባ የደረቀ ፔስት 25 ዲግሪ ቢጨምር ፕሮሰሰሩ ወደ 88 ደርሶ ሥራውን ይቀጥል ይሆናል። በመተሐራ ግን ያው ፔስት ወደ 96 ያደርሰዋል፤ ይህም የመዘግየትና የመጥፋት ደጃፍ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለስሕተት የሚተርፍ ዲግሪ ጥቂት ነው። የአየሩን ሙቀትና የከተማውን ከፍታ መለወጥ አንችልም፤ የንብርብሩን ሁኔታ ግን እንችላለን።

ነፋስና አቧራ

የአዳማ አካባቢ ነፋሻ መሆኑ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የ51 ሜጋ ዋት አዳማ አንድ እና እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው የ153 ሜጋ ዋት አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ያው ነፋስ በበጋ ወራት ደቃቅ አቧራ ያነሣል፤ ማራገቢያውም አቧራውን ወደ ሂትሲንኩ ይስባል። በክንፎቹ መካከል የሚጋገረው አቧራ የአየሩን መተላለፊያ ይዘጋል፤ በራሱም ውስጥ አየር ስለሚይዝ በሂትሲንኩ ላይ ጋቢ እንደማልበስ ይሆናል። በሳጥኑ ላይ ለጌጥ የምናለብሰው ዳንቴል የአየር ቀዳዳዎቹን ሲሸፍን ጉዳቱ ይደረባል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ፔስቱ ነው ወይስ አቧራው? ምንም ዕቃ ሳንገዛ መለየት የምንችልበት መንገድ አለ። የፕሮሰሰሩን መጠነ ሙቀት በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች ማንበብ ይቻላል። ኮምፒዩተሩን ከባድ ሥራ እያሠራን ንባቡን እንከታተል።

ሥራው በተጀመረ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ንባቡ ወደ 90 ከዘለለና ሂትሲንኩ ገና ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ሙቀቱ ወደ ሂትሲንኩ አልተሻገረም፤ ፔስቱ ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ በደንብ አልታሰረም። ንባቡ በብዙ ደቂቃዎች ቀስ እያለ ከጨመረና ሂትሲንኩም አብሮ በጣም ከሞቀ ግን መሻገሪያው ደህና ነው፤ ችግሩ ከአቧራው፣ ከማራገቢያው ወይም ከክፍሉ ሙቀት ነው። ሂትሲንኩን በእጅ መንካት የሚገባው ኮምፒዩተሩ ከጠፋና ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ወዲያውኑ ነው።

ፔስቱን መለወጥ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ማለት ይገባል፦

1ኛ. ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ከሶኬት መንቀልና ከመሥራት በፊት ባዶውን የሳጥን ብረት በመንካት የሰውነትን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ማስወገድ።

2ኛ. አቧራውን ለስላሳ ብሩሽ ተጠቅሞ ከቤት ውጭ ማጽዳት፤ በንፋስ መንፊያ ስናጸዳ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ።

3ኛ. ሂትሲንኩን በኃይል ከመንቀል ይልቅ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ማላቀቅ። የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

4ኛ. የቀድሞውን ፔስት በንጹሕ አልኮልና ቃጫ በማይተው ጨርቅ ከሁለቱም ገጽ ሙሉ በሙሉ መጥረግ።

5ኛ. የምስር ፍሬ የሚያህል ወይም ጥቂት የሚበልጥ ፔስት በክዳኑ መካከል አድርጎ ሂትሲንኩን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፤ ብሎኖቹን የመኪና ጎማ ሲታሰር እንደሚደረገው በሰያፍ እያፈራረቁ ማጥበቅ። አንዴ ከተቀመጠ በኋላ አለማንሣት፤ ከተነሣ አየር ይገባልና እንደገና ጠርጎ መቀባት ያስፈልጋል።

የጥርስ ሳሙና፣ ቫዝሊንና የመኪና ግራሶ የፔስት ምትክ አይደሉም። የጥርስ ሳሙና ውኃ ስላለው ለጊዜው የሚሠራ ይመስላል፤ ውኃው ሲተን ግን ከአየር ጋር ብቻ ያስቀረናል።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

ይህ ጉዳይ ለትምህርት ቤት የፊዚክስ ክበብ የተመቸ ሙከራ ነው። ከመታደሱ በፊትና በኋላ የአንድን ኮምፒዩተር መጠነ ሙቀት በተመሳሳይ ሥራ ላይ በየደቂቃው መመዝገብ፣ የክፍሉንም በቴርሞሜትር መለካት ነው። በሁለቱ ቀናት የክፍሉ ሙቀት ሊለያይ ስለሚችል መነጻጸር ያለበት የፕሮሰሰሩ ንባብ ብቻ ሳይሆን ከንባቡ የክፍሉ ሙቀት ተቀንሶ የሚገኘው ልዩነት ነው። የባቱ፣ የአዳማና የመተሐራ ተማሪዎች በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ቢለኩና ውጤታቸውን ቢያነጻጽሩ፣ ከላይ ያቀረብነውን ግምታዊ ስሌት ማጽናት ወይም ማረም ይችላሉ።

አንድ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ካሉት ሃያ ኮምፒዩተሮች አምስቱ «ተበላሽተዋል» ተብለው ቢቆሙ፣ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ የሚደራረቡት ተማሪዎች ናቸው። ምትኩም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። እንግዲህ አንድ ኮምፒዩተር አረጀ ብለን ከመጣላችን በፊት፣ በሁለት ብረቶች መካከል የገባ አየር እንዳይሆን አስቀድመን እንለካ።